ለሰርግ ሥራ ባለ ስንት ጂቢ? የኤስዲ ሚሞሪ ካርድ መጠኖች ግምገማ

ከዚህ በታች የምገመግመው ሳንዲስክ «ኤክስትሪም ፕሮ» ብሎ የሚያወጣውን የኤስዲ ሚሞሪ ካርድ ነው። ካርዱ ጥሩ ስለመሆኑ አብዛኛው ባለሙያ ስለሚስማማ ረዘም አድርጌ የምቆየው መጠኑ ላይ ነው። ባለ 32፣ ባለ 64፣ ባለ 128 እና ባለ 256 ጂቢ (ጊጋባይት) ካርዶችን አዲስ አበባ ውስጥ በሰርግ፣ በመልስና በክርስትና ሥራ እንዲሁም በጉዞ ላይ ተጠቅሜባቸዋለሁ። ፎቶውን እኔ በካኖን 6ዲ ማርክ 2 አነሳለሁ፤ ቪዲዮውን የሥራ ባልደረባዬ በሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ይቀርጻል። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፤ ለፎቶ ባለ 64፣ ለቪዲዮ ባለ 128 ይገዛ። ምክንያቱ ከሰርጉ ቀን አካሄድ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ግን ዘርዘር ማድረግ ያስፈልጋል።

ሥራውን በጀመርኩበት ሰሞን የምሠራው በባለ 16 ጂቢ ካርድ ነበር። አንድ እሑድ ጠዋት ሙሽራዋ ከቤት ልትወጣ ስትል፣ ለምርቃት የአባቷን ጉልበት ለመሳም ጎንበስ ባለችበት ቅጽበት ቁልፉን ብጫነው ካሜራው ዝም አለ፤ ስክሪኑ ላይ ካርዱ መሙላቱን የሚገልጽ ጽሑፍ ወጣ። ባዶ ካርድ ኪሴ ውስጥ ነበረኝ። የካርዱን በር ከፍቼ፣ የሞላውን አውጥቼ፣ ባዶውን አስገብቼ ቀና እስክል ቢበዛ አሥራ አምስት ሰከንድ ቢፈጅ ነው፤ አባትየው ግን መርቀው ጨርሰው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር። እናትየው ነገሩ ገብቷቸው «ልጄ፣ ይደገም እንዴ?» ቢሉኝም፣ የተደገመ ምርቃት ከፊት ላይ እንደሚያስታውቅ ስለማውቅ «አይ እናቴ፣ ይዤዋለሁ» ብዬ ዋሸሁ።

ከዚያ ወዲህ ካርድ ስገዛ አስቀድሜ የማስበው፣ ካርዱ በሰርጉ ቀን የት ቦታ ላይ ስደርስ እንደሚሞላ ነው። የ6ዲ ማርክ 2 ባለ 26 ሜጋፒክስል የሮው ፎቶ፣ ማለትም ካሜራው ሳያቀናብር የሚያስቀምጠው ጥሬ ፎቶ፣ እንደሚነሳው ነገር ቢለያይም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ሜጋባይት ትንሽ ከፍ ይላል፤ ተጨምቆ የሚቀመጠው ትልቁ ጄፔግ ደግሞ ከ7 እስከ 8 ሜጋባይት ይወስዳል። በዚህ ስሌት ሮው ብቻ ለሚያነሳ ሰው ባለ 32 ካርድ ከ900 በላይ፣ ባለ 64 ከ1,800 በላይ፣ ባለ 128 ከ3,600 በላይ ፎቶ ይይዛል። እኔ ከሙሽራው ቤት ዝግጅት ጀምሮ እስከ ኬክ ቆረሳው ድረስ ከ2,000 እስከ 2,500 ፎቶ አነሳለሁ። ሥራውን ያስተማረኝ አጎቴ ይህን ቁጥር ሲሰማ ይስቃል፤ እሱ በባለ 36 ፊልም ዘመን አንድን ሰርግ በስምንት ጥቅል ጨርሶ ይገባ ነበርና።

ስለ ቁጥር ከተነሳ አይቀር፣ ባለ 64 ገዝተው ኮምፒውተራቸው 59.6 ብቻ ሲያሳያቸው «ተሸወድኩ» ብለው ወደ ሱቁ የሚመለሱ ሰዎች አጋጥመውኛል። እዚህ ላይ ሽወዳ የለም። አምራቹ አንዱን ጂቢ በ1 ቢሊዮን ባይት ሲቆጥር፣ ዊንዶውስ በ1,073,741,824 ባይት ይቆጥረዋል። ባለ 32ቱ 29.8፣ ባለ 128ቱም 119.2 ሆኖ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው።

ባለ 32ቱ ኤስዲኤችሲ በሚባለው ደረጃ ውስጥ የመጨረሻው መጠን ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ይህ ደረጃ ከ32 ጂቢ አያልፍም፤ ከዚያ በላይ እስከ 2 ቴራባይት ያሉት ካርዶች እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ኤስዲኤክስሲ ውስጥ ይመደባሉ። እንደ ኒኮን ዲ90 ያለ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ካሜራ ይዞ የሚሠራ ሰው ስለ መጠን ብዙ ሳይጨነቅ ባለ 32ቱን ይግዛ። ሌላው ጥቅሙ ያረጁ የካርድ ማንበቢያዎች ጭምር የሚያነቡት መሆኑ ነው። አንድ ጊዜ ፎቶ ላሳትም የሄድኩበት ቤት ኮምፒውተር ባለ 64 ካርዴን ማንበብ አቅቶት ፎርማት ይደረግ እንደሆነ ጠየቀ፤ ልጁ «እሺ» የሚለውን ሊጫን ሲል እጁን ይዤ አስቆምኩት። የባለ 32ቱ ችግር ለሰርግ ማነሱ ነው። ዘጠኝ መቶው ፎቶ የሚያልቀው ብዙውን ጊዜ ሙሽሮቹ መናፈሻ ውስጥ ከሚዜዎቹ ጋር ሲነሱ ነው፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ካርድ መቀየር ይቅርና ላብ ለመጥረግም ፋታ የለም። ቪዲዮ የሚቀርጽበት ሰው ተጨማሪ ጣጣ አለበት፤ ይህ ካርድ ፋት32 በሚባለው አሠራር ፎርማት ስለሚደረግ አንድ ፋይል ከ4 ጂቢ በላይ መሆን አይችልም፣ ስለዚህ ረጅም ቀረጻ ተቆራርጦ ይቀመጣል።

ወደ ባለ 64ቱ ልለፍ። ጠዋት በሙሽራው ቤት፣ ቀጥሎ በሙሽራዋ ቤት፣ ከዚያም በመናፈሻው የማነሳው ተደምሮ ከ1,200 እስከ 1,400 ፎቶ ይደርሳል። ይህ ሁሉ አንድ ባለ 64 ውስጥ ገብቶ ሌላ አራት መቶ የሚሆን ቦታ ይተርፋል። ከመናፈሻው ወደ አዳራሹ በመኪና ስንሄድ፣ ሹፌሩ ጥሩምባውን እየነፋ ሚዜዎቹ በሚጨፍሩበት ጊዜ፣ እኔ ተረጋግቼ ተቀምጬ ካርዱን እቀይራለሁ። የምቀይረው ስለሞላ አይደለም፤ የቀኑ መጋጠሚያ እዚያ ስለሆነና ቆሜ ሳይሆን ተቀምጬ ስለምሠራው ነው። የመጀመሪያው ካርድ ከቤት እስከ መናፈሻ ያለውን፣ ሁለተኛው የአዳራሹን ይይዛል። እግዚአብሔር አይበለውና አንዱ ቢበላሽ ወይም ቢጠፋ የሰርጉ ግማሽ በእጄ ይቀራል። የእኔ ካሜራ የካርድ ማስገቢያው አንድ ብቻ በመሆኑ ይህ ክፍፍል ለእኔ ከማንኛውም የፍጥነት ቁጥር ይበልጣል።

ባለ 128ቱ ዋጋው ከሁለት ባለ 64 ስለሚያንስ ያጓጓል። ብሩን እዚህ አልጽፍም፤ ዋጋው ከዶላሩ ጋር አብሮ ስለሚሮጥ ጽሑፉ ሳይነበብ ያረጃል። ባለ አንድ ማስገቢያ ካሜራ ላይ ካርዱን ለፎቶ መጠቀም ማለት ግን የሰዎችን ሙሉ ሰርግ አንዲት የፖስታ ቴምብር በምታህል ላስቲክ ላይ ማስቀመጥ ስለሆነ እኔ አልደፍረውም። በአንጻሩ «ትንንሽ ካርድ በብዛት ይሻላል» የሚለው የቆየ ምክርም አያሳምነኝም፤ ስምንት ካርድ ኪሱ ውስጥ ይዞ የሚዞር ሰው ከስምንቱ አንዱን ከመሐረቡ ጋር መምዘዙ ወይም የሞላውን ባዶ መስሎት ፎርማት ማድረጉ አይቀርም። ካሜራው እንደ ኒኮን ዲ750 ወይም እንደ ካኖን 5ዲ ማርክ 4 ሁለት ማስገቢያ ካለውና እያንዳንዱን ፎቶ በሁለቱም ላይ የሚጽፍ ከሆነ ፍርዴ ይለወጣል፤ ያኔ ባለ 128 ያለ ስጋት ይገዛ። ካርዶቹ እኩል ይሁኑ እንጂ፣ አንዱ ባለ 128 ሌላው ባለ 32 ቢሆን ሥራው የሚቆመው ትንሹ ሲሞላ ነው። በሰፈራችን አሁንም በብዛት የሚሠራበት 5ዲ ማርክ 3 ደግሞ የራሱ አመል አለው፤ የኤስዲ ማስገቢያው ዩኤችኤስ የሚባለውን ፈጣን አሠራር ስለማይቀበል፣ በሁለቱም ካርድ ሲጻፍ በሌላው ማስገቢያ ያለው ሲኤፍ የሚባል ፈጣን ካርድ ቀርፋፋውን ለመጠበቅ ይገደዳል።

ባለ 128 ላይ ብዙ ሰው የማያስበው የመገልበጫው ሰዓት ነው። ማታ አምስት ሰዓት ደክሞኝ ቤት ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ የቀኑን ፎቶ ወደ ሁለት ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ነው። በሰከንድ 30 ሜጋባይት ገደማ በሚያልፍበት የድሮ ዩኤስቢ 2 ማንበቢያ፣ የሞላ ባለ 64 ወደ 35 ደቂቃ፣ ባለ 128 ደግሞ ከ70 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ መሐል ላይ መብራት ሄዶ የላፕቶፑ ባትሪ ካለቀ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። በዩኤስቢ 3 ማንበቢያ ጊዜው በሦስት እጥፍ ገደማ ያጥራል። ትልቅ ካርድ ሊገዛ ያሰበ ሰው ማንበቢያውንም አብሮ ይቀይር።

ለቪዲዮ ግን ባለ 128 ግዴታ ነው እላለሁ። ኤ7 ማርክ 3 4ኬ በሚባለው ከፍተኛ ጥራት በሰከንድ 100 ሜጋቢት (12.5 ሜጋባይት) ሲቀርጽ በሰዓት 45 ጂቢ ይበላል፤ ባለ 64ቱ ከአንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ በላይ አይዘልቅም። የተክሊል ሥርዓት ከቅዳሴው ጋር ይህን ጊዜ ስለሚያልፍ፣ ቤተ መቅደስ ውስጥ ካሜራ ከፍቶ ካርድ ሲቀይሩ መታየት ካህናቱንም ምእመናኑንም ያስቀይማል። ባለ 128ቱ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ይሄዳል።

ባለ 256ቱን የተጠቀምኩበት ለገና አራት ቀን ላሊበላ ስሄድ ነበር። ላፕቶፕ ስላልያዝኩ ይጠቅመኛል ብዬ ነበር፤ በአራቱ ቀን ግማሹም አልሞላም። ይልቅ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ሌሊት እየነቃሁ የካሜራውን ቦርሳ መዳበስ ጀመርኩ። ለሰርግ ፎቶ አንሺ አያስፈልግም።

ስለ ፍጥነት ሁለት ነገር ብቻ ልበል። ፊቱ ላይ በትልቁ የሚጻፈው በሰከንድ 170 ወይም 200 ሜጋባይት የንባብ ፍጥነት ነው፤ ዩኤችኤስ አንድ በመደበኛው መንገድ ከ104 በላይ ስለማያሳልፍ ያ ቁጥር የሚገኘው አምራቹ ራሱ ባዘጋጀው ማንበቢያ ነው። ካሜራው የሚፈልገው የመጻፍ ፍጥነት በባለ 64ቱ ላይ እስከ 90 ይደርሳል፤ ለ6ዲ ማርክ 2 ከበቂ በላይ ነው። ቪ30 የሚለው ምልክት ደግሞ ካርዱ ቪዲዮ ሲጽፍ በሰከንድ ከ30 ሜጋባይት እንደማይወርድ የሚያረጋግጥ ስለሆነ ቪዲዮ ቀራጭ ከሁሉ አስቀድሞ እሱን ይፈልግ። ከኋላው ሁለት ረድፍ መዳብ ያለውን የዩኤችኤስ ሁለት ካርድ ለእኔ ዓይነቱ ካሜራ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ካሜራው ሁለተኛውን ረድፍ አይነካውም።

ከመጠንም ከፍጥነትም በፊት ግን ካርዱ ኦርጅናል ይሁን። መርካቶ ውስጥ ከአንድ ሱቅ በጣም ርካሽ ባለ 128 ገዝቼ፣ ደግነቱ ለደንበኛ ሥራ ሳይሆን ጥር 11 ለራሴ ጃን ሜዳ የጥምቀትን በዓል ላነሳበት ይዤው ወጣሁ። ማታ ስከፍተው የመጀመሪያዎቹ አራት መቶ ያህል ፎቶዎች ደህና ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ስሙ እንጂ ምስሉ የለም። ፎርጅድ ካርድ ውስጡ ትንሽ ሆኖ ሳለ ለኮምፒውተሩም ለካሜራውም ትልቅ ነኝ ብሎ እንዲናገር ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ቦታው ሲያልቅ የሚቀጥለውን የተቀበለ መስሎ ይጥለዋል። ባለ ሱቁ ስመለስበት «ወንድሜ፣ እኛም ከፍተን አናየውም» አለኝ፤ ካርዱን ስላልቀየረልኝ ተከራክሬ ወጣሁ። አሁን ማንኛውንም አዲስ ካርድ፣ ዘመድ ከዱባይ ያመጣልኝም ቢሆን፣ ኤች2ቴስትደብሊው በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ጢም ብሎ እስኪሞላ አስጽፌ መልሼ አስነብበዋለሁ። በማክ የሚሠራ ሰው ኤፍ3 የሚባለውን ይጠቀም። ባለ 64ቱ በዩኤስቢ 2 ማንበቢያ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ቡና አፍልቶ መጠበቅ ነው።

የካርዱን እንከን ሳልጠቅስ ባልፍ ግምገማው ጎደሎ ይሆናል። ከጎኑ ያለችው የመቆለፊያ ላስቲክ፣ ካርዱ በተደጋጋሚ ሲገባና ሲወጣ ትላላለች፤ ላልታ ወደ ታች ከተንሸራተተች ካሜራው ካርዱ ተቆልፏል ብሎ ሥራ ያቆማል። ችግሩ የዚህ ምርት ብቻ ሳይሆን የኤስዲ ካርድ ሁሉ ነው። ከአራቱ ባለ 64 ካርዶቼ ጀርባው ላይ በማርከር «3» የጻፍኩበት ባለፈው ሰርግ ሁለት ጊዜ እንዲህ አድርጎኛል፤ ላስቲኳን በቀጭን ፕላስተር ይዤያት ለክርስትና እየተጠቀምኩበት ነው፣ ለጥር ሰርጎች ግን በምትኩ ሌላ ባለ 64 እገዛለሁ።