ርካሹ የጓሮ ዘር ወይስ ውዱ?
ለጎመን ውድ ዘር አልገዛም። ደሴ ገበያ በስኒ ተሰፍሮ የሚሸጠው የሐበሻ ጎመን ዘር ትኩስ ከሆነ ከታሸገው እኩል ይበቅላል፤ ለከርሞም ዘር ያስቀራሉ።

ቲማቲም ላይ ግን ለውዱ አደላለሁ። ሞቅ በሚለው ኮምቦልቻ በሽታ የሚቋቋም ዲቃላ ዝርያ ዋጋውን ይመልሳል። መዘዙ፣ ከፍሬው የተለቀመ ዘር እናቱን ስለማይመስል በየዓመቱ ኪስ መዳበስ ነው።

የሽንኩርት ነገር ሌላ ነው፤ ከዋጋው ይልቅ ዕድሜው ይታይ። ዘሩ በ1 ወይም በ2 ዓመት ይደክማል፤ የቲማቲም ግን በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ 4 ዓመት ይቆያል። ያሸበረቀ ፓኬት ብዙ ያታልላል፤ ከሥዕሉ በፊት ቀኑን ያንብቡ። ቀን ከሌለው 10 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ሳምንት ያህል ያቆዩ። 8 ከበቀለ ይዝሩት፤ 5 ከሆነ አብዝተው ይዝሩ፤ ከዚያ ካነሰ መሬቱን አያባክኑ።