የሚጮህ ትራንስፈር ኬዝ፦ ይታደስ ወይስ ይቀየር?

ትራንስፈር ኬዝ በ4 ጎማ በሚነዳ መኪና ላይ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍል የማርሽ ሳጥን ነው። ሲጮህ መጀመሪያ ዘይቱን አፍስስ። የብረት ብናኝ የሚይዘው ማግኔት ላይ ስስ ግራጫ ጭቃ ቢኖር አትደንግጥ፤ የብረት ስባሪ ከወጣ ግን ነገሩ ከሯል። ድምፁም ይናገራል። ከፍጥነቱ ጋር የሚጨምር ፉጨት ብዙ ጊዜ የኩሽኔታ ነው። በ4 ጎማ ስትነዳ ነዳጅ ሲረገጥ ቋ ካለ ደግሞ ውስጡ ያለው ካቴና መላላቱን ጠርጥር።

ማደስ፦ የተበላውን ብቻ ትቀይራለህ፤ ውስጡንም በዓይንህ ታያለህ። ግን ጊዜ ይበላል፣ ጎበዝ መካኒክም ይፈልጋል።

ያገለገለ መግጠም፦ ቶሎ ያልቃል። ውስጡ ግን እንቆቅልሽ ነው። የዘንጉ ጥርስ ብዛት፣ የማርሽ ሬሾውና መቀየሪያው (በእጅ ይሁን በኤሌክትሪክ) ካልተመሳሰለ ልፋት ብቻ ነው።

እኔ ቤቱ (የውጭ ሽፋኑ) ደህና ከሆነ ወደ ማደሱ አደላለሁ። ካቴናው ቤቱን ከውስጥ ቦርቡሮት ከሆነ፣ ወይም መኪናው ለሥራ የሚፈለግና መቆም የማይችል ከሆነ፣ መቀየሩ ያዋጣል።