በቪዲዮ የማስተማር ሥልጠናው፦ አበሉን ትተን ስናየው

ለልማት ሠራተኛ የሚሰጥ ሥልጠና አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። የወረዳ አዳራሽ፣ ፓወር ፖይንት፣ ሻይ በዳቦ፣ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ፣ መጨረሻ ላይ የአበል ፊርማ። ስለዚህ «በቪዲዮ የማስተማር ዘዴ» የሚል ጥሪ ሲደርሰኝ ብዙም አልጓጓሁም። ምዕራብ ጎጃም ውስጥ የሰብል ባለሙያ ነኝ። ያሠለጠነን ድርጅት ስሙ ይቅር፤ የማማርርበት ነገር ስላለኝ። ከወሰድኩት ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ አሁንም የሚጠይቁኝ ባልደረቦች ስላሉ ነው የምጽፈው።

ዘዴው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ሕንድ ውስጥ በማይክሮሶፍት የምርምር ማዕከል ተጀምሮ፣ በኋላ ዲጂታል ግሪን የሚባለው ድርጅት ወደ እኛም አገር ያመጣው ነው። አንድ ገበሬ በራሱ ማሳ ላይ ሲሠራ ይቀረጻል። ቪዲዮው አጭር ነው፣ አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። የልማት ሠራተኛው መዳፍ በምታህል፣ በባትሪ በምትሠራ ፕሮጀክተር መብራት በሌለበት ጎጥ ለገበሬዎቹ የልማት ቡድን ያሳያል። ግድግዳው ጭቃ ከሆነ ነጠላ መስቀል ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት የንድፈ ሐሳብ ናቸው። ይዝለሉ። ፍሊፕቻርት ላይ «ተግባቦት ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ከኮሌጅ ጀምሮ ስንት ጊዜ መለስን!

ሥልጠናው የተጀመረው አንዲት አሠልጣኝ ስትገባ ነው። እሷ ራሷ የልማት ሠራተኛ የነበረች ናት፤ ከአነጋገሯ ያስታውቃል። ጤፍ በመስመር ሲዘራ የሚያሳይ ቪዲዮ ከፈተችልን። ሰውየው ሃይላንድ ውስጥ ዘር ሞልቶ፣ ክዳኑን በስቶ፣ በመስመሩ እያንጠባጠበ ይሄዳል። ድንገት አጠፋችውና «ጠርሙሱን በየትኛው እጁ ነው የያዘው? ዘሩን ከጣለ በኋላስ አፈሩን በምን መለሰው?» አለችን። አዳራሹ ጸጥ። ሁላችንም ባለሙያ ነን፣ አንዳችንም ልብ አላልንም። «እናንተ ካላያችሁት ገበሬው ከየት ያየዋል?» አለች። ከዚያ በኋላ የተማርነው ይህንኑ ነው። ማቆም፣ መጠየቅ፣ ያዩትን በእጃቸው ማሠራት። በመስመር ሲዘራ ለሄክታር 5 ኪሎ ገደማ ዘር ይበቃል፣ በብተና ግን 25 እና 30 ኪሎ ይሄዳል ብዬ ስንት ዓመት ተናግሬያለሁ። የሰማኝ ገበሬ ሁሉ ፈገግ ይል ነበር። ጠርሙሱን አስይዤ 20 ሳንቲ ሜትር እየለኩ ሲሞክሩት ግን ክርክሩ ራሱ ተቀየረ።

ትልቁ ጥቅም ግን አሠልጣኞቹም ያልነገሩን ነው። ቅዳሜና እሑድ ከቅዳሴ መልስ በምንጠራው ስብሰባ የሚያወሩት ወንዶቹ ናቸው። ሴቶቹ ቢመጡም ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ። ፕሮጀክተሯን ግን አመሻሽ ላይ፣ ከብት ከገባ በኋላ፣ ሰው ቤት ይዤ ስሄድ እናቶች ቤቱን ሞሉት። አንዷ «ልጄ፣ እስቲ ያቺን መልሺልኝ» አሉኝ። መለስኩላቸው። አይተው ሲያበቁ «ይኼን ሁሉ መስመር የሚያወጣውና የሚዘራው ማን ነው? እኛውና ልጆቻችን አይደለን?» አሉ። እውነታቸውን ነው። በመስመር መዝራት ጉልበት ይበላል፤ ቪዲዮው ውስጥ ደግሞ የደከመው ሰው አይታይም። ለዚህ ጥያቄ ከሥልጠናው ይዤ የመጣሁት መልስ አልነበረም።

አሁን ወደ ምሬቱ። በሜሞሪ የተሰጠን ቪዲዮ ከሌላ ዞን የተቀረጸ ነው። ገና ሲጀምር የሚጠየቀው ስለ ዘር አይደለም፣ «ይኼ ሰውዬ የየት አገር ነው?» ነው። ቀጥሎ አንድ አባት «የሱ መሬት ዋልካ ነው፣ የእኛ ቀይ ነው» አሉና ነገሩን ዘጉት። እኛ ጋ ያለው ችግር አሲዳማ አፈር ነው። የምንፈልገው፣ አሲዱን የሚቀንሰው ኖራ ከመዝራት አንድ ወር ቀደም ብሎ ተበትኖ በእርሻ ከአፈር ጋር ሲቀላቀል የሚያሳይ ቪዲዮ ነው፤ ያውም የጎረቤት ቀበሌ ሰው ሲሠራው። የዘዴው ነፍስ የአካባቢ ሰው ማሳየት ነው ብለው አስተምረውን ካሜራውን ይዘውት ሄዱ። ጠይቀን ነበር፣ «ይታያል» ተባልን። እስካሁን እየታየ ነው።

ባትሪውም ያው ነው። አንድ ቡድን አሳይተሽ ወደ ሁለተኛው ጎጥ ስትሄጂ ይሞታል። ቻርጅ ለማድረግ ወረዳ መውረድ አለ። ክትትልም የለም፤ ከድርጅቱ የሚመጣው ስንት ወንድ ስንት ሴት አየ የሚል ቅጽ ብቻ ነው።

«8028 እያለ ይኼ ለምን?» የሚለኝ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው፣ ለገበሬ የእርሻ ምክር የሚሰጠው ነፃ የስልክ መስመር ጥሩ ነው፤ እኔም ገበሬዎቼን ደውሉ እላለሁ። ግን ስልክ ይነግራል እንጂ እጅ አያሳይም። ሁለቱ አይተካኩም።

እኔን ብትጠይቁኝ ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጠዋለሁ። ከዚያ ውስጥ ሁለቱ ነጥብ ለዚያች አሠልጣኝ ነው። ከተጠራችሁ ሂዱ። ከመመለሳችሁ በፊት ግን ሜሞሪውን እዚያው ክፈቱትና የእናንተን አፈር የሚመስል ቪዲዮ እንዳለበት እዩ። ከሌለ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ኮፒውንም ያዙ። ተለዋጭ ባትሪ ደግሞ ሳትረከቡ እንዳትፈርሙ።