ኤርታ አሌ በመኪና የምትሄዱ፣ ስኮርታ ጎማውን ሳታስገጥሙ አትነሱ

ወደ ዳናክል በረሃ መኪና የምትኮናተሩ ሰዎች፣ እባካችሁ ይህን አንብቡ። ትናንት ነው የተመለስኩት፤ ንዴቴ ገና አልበረደም።

ከአስጎብኚዎቹ ጋር የገባነው ውል የተለመደው ነው። ግማሹ ቀብድ አዲስ አበባ፣ ቀሪው ሰመራ። ሁለት ላንድክሩዘር፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ስኮርታ፣ በቂ ውሃ። «ምንም አያስቡ ጋሼ፣ እኛ አለን» ተባልኩ። ሰመራ ስንደርስ የቆመችው አንድ መኪና ናት። ቀሪውን ብር ተቀበሉና «ሁለተኛዋ አፍዴራ ትጠብቃችኋለች» አሉ። አፍዴራ ደግሞ «ቀድማ ገብታለች፣ እዚያው ታገኟታላችሁ» ሆነ። እዚያ በረሃ በአንድ መኪና እንደማይገባ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። አንዷ አሸዋ ሲይዛት ጎታቿ ሌላዋ ናት። ኔትወርክ የለም፣ ጎሚስታ የለም።

ኤርታ አሌ እሳተ ገሞራ 613 ሜትር ብቻ ነው፤ ቁመቱ አያስፈራም። የሚያስፈራው መዳረሻው ነው። አሸዋው ሲያልቅ የረጋ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይጀምራል፤ ጠርዙ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ነው። የኋላ ጎማችንን ጎኑን ቀደደው። ሹፌሩ በክሪክ አነሳና የመጀመሪያውን ስኮርታ አሰረ። ጥርሱ አልቆ ሽቦው ሊወጣ የደረሰ ጎማ! ብዙም ሳንሄድ ፈነዳ።

ሁለተኛው ጣሪያ ላይ በሸራ ተጠቅልሎ ታስሯል። ፈታነው፣ ተቀባብለን አወረድነው። ሲያዩት አዲስ ነው፤ እፎይ አልን። ሹፌሩ ሊገጥመው ሞከረ። አልገባም። አዞረው። አልገባም። ከዚያ ቁጭ አለና ቀዳዳውን በጣቱ መቁጠር ጀመረ። የመኪናዋ ቡሎን አምስት፣ የቸርኬው ቀዳዳ ስድስት። የሌላ መኪና ጎማ ነው የጫኑልን!

«የሰጡኝን ነው የጫንኩት ወንድሜ» አለ፤ ዓይኔን ማየት አልቻለም። ባለቤቴ ምንም ሳትናገር የቀሩትን የውሃ ጠርሙሶች መቁጠር ጀመረች። ጥላ ያለው ከመኪናዋ ሥር ብቻ ነበር።

ያወጡን ሌሎች ናቸው። አብሮን የነበረው የአፋር መንገድ መሪ በእግሩ ሄዶ ከተራራው የሚመለሱ ጎብኚዎችን አመጣልን። እነሱ በሁለት መኪና ነው የሚጓዙት። ልክ የሚሆን ጎማ አዋሱን፤ አፍዴራ እስክንገባም ከኋላችን አልተለዩም። እግዜር ይስጣቸው። ዳሎልን ሳናይ ተመለስን። ለእሱም ከፍለን ነበር።

አዲስ አበባ እንደገባሁ በቀጥታ ቢሮአቸው ሄድኩ። ያው ጋሼ ሲለኝ የነበረው ልጅ ስልኩን እየነካካ ሰማኝ። «ሁለት ስኮርታ አልን፣ ሁለት ሰጠንህ። ገጠመ አልገጠመ ሹፌሩን ጠይቅ» አለኝ። ሁለተኛዋ መኪናስ? «በሰላም ተመልሰህ የለ እንዴ? ምን ሆንክ?» አጠገቡ ያለችው ልጅ ሳቀች። በዚያ ሙቀት ውሃ ያለቀበት ሰው ምን እንደሚሆን አሳምረው ያውቃሉ፤ ሰው ወደዚያ መላክ ሥራቸው ነው። እያወቁ ነው ቤተሰቤን የላኩት።

የምትሄዱ ካላችሁ፣ ቀሪውን ሳትከፍሉ ሁለቱንም መኪና በዓይናችሁ እዩ። ስኮርታዎቹን አስወርዱና እዚያው ሰመራ አስገጥማችሁ ሞክሩ። እምቢ ካሉ ብሩን አትስጡ።