ባርሴሎና ልብስ ለምትገዙ፦ ዛራ፣ ማንጎ፣ ዴሲጓል ወይስ የጆንያ ጫማ?

ባርሴሎና መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ማንም ሳይቀጥረኝ የያዝኩት ሥራ አለ፤ እንግዶችን ልብስ ማስገዛት። ከአዲስ አበባ የመጣውም፣ ከዋሽንግተን የመጣውም፣ ከፍራንክፈርት ለሁለት ቀን ብቅ ያለውም የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «እዚህ ልብስ ርካሽ ነው ይባላል፤ የት እንግዛ?» ጊዜ ግን የለም። ሁሉም ደራርቱ ቱሉ በ1992 እ.ኤ.አ. የ10,000 ሜትር ወርቋን ያገኘችበትን የሞንጁዊክ ስታዲየም ሳያይ አይሄድም። ባሕሩም አለ። ለልብስ የሚተርፈው ግማሽ ቀን ነው።

በግማሽ ቀን ሁሉም ቤት አይገባም። ስለዚህ አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። እዚህ ድረስ መጥታችሁ ሻንጣችሁን በዛራ ብቻ ከሞላችሁት ተሸውዳችኋል። ዛራ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ዛራ የትም አለ፤ የባርሴሎናው ግን እዚሁ ነው ያለው።

ዛራ፦ ርካሽ ነው፣ የባርሴሎና ግን አይደለም

ብዙ ሰው ዛራን የባርሴሎና ልጅ ያደርገዋል። አይደለም። የመጀመሪያው ሱቅ በ1975 የተከፈተው በአገሪቱ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ ዝናብ በማያጣት በላ ኮሩኛ ነው። እናት ኩባንያው ኢንዲቴክስ ዛሬም መቀመጫው እዚያው አጠገብ ነው። ፑል ኤንድ ቤር፣ ቤርሽካ፣ ስትራዲቫሪየስ፣ ኦይሾ፣ ማሲሞ ዱቲ፣ እነዚህ ጎን ለጎን የምታዩአቸው ሱቆች ሁሉ የአንድ ቤት ናቸው። ከአንዱ ወጥታችሁ ሌላው ውስጥ ስትገቡ «አማረጥኩ» አትበሉ።

ርካሽ ነው የሚባለው ግን እውነት ነው። ያው ልብስ ስፔን ውስጥ የሚሸጠው አሜሪካና ገልፍ ከሚሸጥበት ባነሰ ዋጋ ነው። ወሬውን አትመኑ፤ እራሳችሁ አረጋግጡ። ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ በስልካችሁ የዛራን ድረ ገጽ በምትኖሩበት አገር ክፈቱና ያንኑ ልብስ ፈልጉት። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለመጣ ሰው ልዩነቱ ጥሩ ምሳ ያበላል። ከጀርመን ለመጣ ያን ያህል አያጓጓም።

የዛራ ሱቅ በሳምንት ሁለት ጊዜ አዲስ ዕቃ ይገባለታል። ለእኛ ሲመነዘር «ነገ ተመልሼ እገዛዋለሁ» አይሠራም ማለት ነው። ዛሬ ያያችሁት ጃኬት ነገ ላይኖር ይችላል፤ ከኖረም የእናንተ ቁጥር አልቋል። ሌላው ነገር ልኩ ነው፤ ትከሻውና ክንዱ ጠበብ ይላል። መሞከሪያ ክፍል ሳትገቡ አትግዙ። ስትሞክሩ ደግሞ ጃኬቱን ገልብጡት። ገበሩ ከስፌቱ ጋር እኩል ተቀምጧል ወይስ ተጎትቷል? ቁልፉ የተንጠለጠለበትን ክር ሳብ አድርጉት። በ30 ዩሮ እና በ90 ዩሮ ጃኬት መካከል ያለው ልዩነት ውጭው ላይ አይታይም፤ እዚያ ነው ያለው።

ማንጎ፦ ስሙ በአማርኛም ማንጎ ነው

የማንጎ መሥራች ኢሳክ አንዲክ ኢስታንቡል ተወልዶ በልጅነቱ ባርሴሎና የመጣ ሰው ነበር። ጥልፍ ያላቸው የቱርክ ሸሚዞችን በመሸጥ ጀመረ። የመጀመሪያውን የማንጎ ሱቅ በ1984 ፓሴች ደ ግራሲያ ጎዳና ላይ ከፈተ። ፊሊፒንስ ሄዶ ፍሬውን ሲቀምስ ወደደው፤ ስሙም በየቋንቋው አንድ ዓይነት ስለሆነ መረጠው ይባላል። በአማርኛም አልተሳሳተም። ሰውየው በ2024 መጨረሻ ከከተማው ብዙም በማይርቀው የሞንሴራት ተራራ ላይ ሲጓዝ ወድቆ ሞተ። ከተማው በእውነት ነው ያዘነው።

ከዛራ ጋር ሲተያይስ? ዋጋቸው ይቀራረባል። ዛራ የወቅቱን ፋሽን ቀድሞ ያመጣል፤ ማንጎ ረጋ ይላል። ሠርግ ለተጠራች፣ ምርቃት ላለባት፣ «ከዓመት በኋላም ልልበሰው» ለምትል ሴት መጀመሪያ የምወስዳት ማንጎ ነው። ቀሚሱና ኮቱ ላይ ይበልጣል፤ ሱሪው ላይ ዛራ። ይህ የኔ ዓይን ነው፤ የጓደኛዬ ዓይን ተቃራኒውን ይላል። ሁለታችንም የምንስማማበት ነገር ቢኖር ካሬር ደ ዢሮና ላይ ያለው የማንጎ አውትሌት ነው። ያለፈው ወቅት ልብስ በቅናሽ ይሸጥበታል። መስቀያው የተዘበራረቀ ነው፣ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ግን ኮት የሚፈልግ ሰው እዚያ ሳይደርስ ሙሉ ዋጋ አይክፈል።

ስለ ቁጥር አንዲት ነገር። ስፔን 38 የሚለው የሴት ልብስ ጀርመን 36፣ እንግሊዝ 10፣ አሜሪካ 6 ነው። ከፍራንክፈርት የመጣች የአጎቴ ልጅ ይህን ሳታውቅ 36 እየሞከረች «ወፈርኩ» ብላ ግማሽ ቀኗን አበላሸች።

ለወንዶች፣ ባጭሩ

ማሲሞ ዱቲ። ስሙ ጣሊያናዊ ይመስላል እንጂ በ1985 እዚሁ ባርሴሎና ነው የተጀመረው፤ ያኔ የወንድ ልብስ ብቻ ነበር። ኢንዲቴክስ የገዛው በኋላ ነው። ሸሚዝ ዛራ 30 ዩሮ አካባቢ ከሆነ እዚህ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ግን ቢሮ የሚለበስ ሱፍና የሊነን ሸሚዝ ከፈለጋችሁ እጥፉ ይገባዋል። ሁለት የዛራ ሸሚዝ ከመግዛት አንድ ከዚህ።

ዴሲጓል፦ ወይ ትወዱታላችሁ ወይ ታልፉታላችሁ

ይህ የለየለት የባርሴሎና ልጅ ነው። ቶማስ ሜየር የሚባል የስዊዘርላንድ ሰው በ1984 ጀመረው፤ መነሻው ከአሮጌ ጂንስ ቁርጥራጭ የተሰፋ ጃኬት ነበር። ዴሲጓል ማለት በስፓኒሽ «እኩል ያልሆነ» ማለት ነው፤ እውነትም አንዱ እጀታ አበባ ሲሆን ሌላው መስመር ሊሆን ይችላል። ከሩቅ ይታያል። አክስቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አንድ ኮት ስታይ «ይሄ የተረፈ ጨርቅ የለጠፉበት ነው እንዴ?» አለች። አልተሳሳተችም፤ አጀማመሩ እንደዚያ ነው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ለብሳው መስታወት ፊት እየተሽከረከረች አገኘኋት።

ለጨርቁ ስትሉ አትግዙት። ፖሊስተሩ ብዙ ነው፤ ዋጋው ደግሞ በዚያው ጨርቅ ከተሠራ የዛራ ቀሚስ ይበልጣል። የምትከፍሉት ለሥዕሉ ነው። ስለዚህ ዴሲጓል በቅናሽ ወቅት ብቻ የሚገዛ ነው፤ ሙሉ ዋጋ ከፍዬ አላውቅም። ሌላ ሰው ላይ የማታዩት ነገር የምትፈልጉ ከሆነ ግን ከአራቱ ብራንዶች አንደኛ የማደርገው እሱን ነው።

አንድ የማይባል ነገር ልጨምር። የስፔን ብራንድ ማለት ስፔን የተሰፋ ማለት አይደለም። ጎኑ ላይ የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ አንብቡ፤ ቱርክ፣ ሞሮኮ፣ ባንግላዴሽ፣ ቻይና ይላል። ፖርቱጋል የሚል ካገኛችሁ እኔ ሁለቴ አየዋለሁ።

ልባሽ ለሚወድ

ግሎሪየስ አደባባይ አጠገብ ኤንካንትስ የሚባል የድሮ ገበያ አለ። ምናለሽ ተራን መስታወት ጣሪያ አልብሳችሁ አስቡት። ጣሪያው እንደ መስታወት ያንጸባርቃል፤ ቀና ብላችሁ ስታዩ ገበያተኛው ተዘቅዝቆ ይታያል። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና ቅዳሜ ነው የሚቆመው። የቆዳ ጃኬት፣ የድሮ ጂንስ፣ አንዳንዴ ማን እንደለበሰው የማይታወቅ ሱፍ መሬት ላይ ተከምሮ ይሸጣል። እዚህ ብቻ ዋጋ ይከራከራሉ። ሌላው ሱቅ ውስጥ «የመጨረሻው ስንት ነው?» ብትሉ ልጅቷ ትስቃለች እንጂ አትቀንስላችሁም።

መሬት ላይ መቆፈር የማይወድ ሰው ሁማና የሚባሉትን የልባሽ ሱቆች ይሞክር፤ በከተማው ብዙ ቅርንጫፍ አላቸው፣ ልብሱ ተሰቅሎ ነው የሚጠብቃችሁ። ላ ሮካ ቪሌጅ የሚባለው የውድ ብራንዶች አውትሌትስ? ከከተማ ውጭ ነው፣ በአውቶቡስ 40 ደቂቃ ያህል። ግማሽ ቀን ላለው ሰው አልመክርም። የምትፈልጉትን ቦርሳ ስም ቀድማችሁ ካወቃችሁ ሂዱ።

መቼ፣ በስንት፣ በምን ደረሰኝ

ዋናው የክረምት ቅናሽ በፈረንጅ ጥር 6 ቀን ከሚውለው የሦስቱ ነገሥታት በዓል በኋላ፣ ጥር 7 አካባቢ ይጀምራል። የበጋው፣ ያው በፈረንጅ፣ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ ይጀምራል። የመጀመሪያው ቀን ቁጥር አለ፣ ዋጋው ገና ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዋጋው ወርዷል፣ ቁጥሩ የለም። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ኮት፣ በመጨረሻው ሳምንት ቲሸርት እገዛለሁ። ከበጋው ወራት ውጭ እሁድ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው፤ እሁድ ብቻ ላለው ወደቡ ላይ ያለው ማሬማግኑም የሚባል የገበያ ማዕከል አለለት። ትንንሽ ሱቆች ደግሞ በምሳ ሰዓት ይዘጋሉ፤ 8 ሰዓት ላይ በር ላይ ቆማችሁ አትናደዱ። ፖርታል ደ ላንዠል መንገድ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት ስትሄዱ ቦርሳችሁን ፊት ለፊት አድርጉ።

ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የምትኖሩ ሰዎች ግብር ይመለስላችኋል። ወሳኙ የምትኖሩበት አገር ነው፤ ፓስፖርቱ አይደለም። ስለዚህ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ ፍራንክፈርት የሚኖር አይመለከተውም፤ ዋሽንግተን የሚኖር ይመለከተዋል። ስፔን ከ2018 ጀምሮ ዝቅተኛ የግዢ መጠን አትጠይቅም። ሱቁ ውስጥ የግብር ተመላሽ ወረቀት ጠይቁ፣ ኤርፖርት ላይ ሻንጣችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ዲቫ የሚባለው ማሽን ላይ አስነብቡት። ግን ግብሩ 21 በመቶ ነው ብላችሁ 21 ዩሮ አትጠብቁ። 100 ዩሮ ከከፈላችሁ ውስጡ ያለው ግብር 17 ዩሮ ከምናምን ነው። ከዚያም ላይ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡን የሚመልሰው ድርጅት የራሱን ይቆርጣል።

ደረሰኝ አትጣሉ። እኔ አንዴ ከአንድ ትንሽ ሱቅ ቀሚስ ገዝቼ ቤት ስደርስ ቀለሙን ጠላሁት። ደረሰኙን ይዤ ተመለስኩ። ባለቤቷ በትሕትና «እንከን አለው?» አለችኝ። የለውም። ቀሚሱ እስካሁን ቁም ሳጥኔ ውስጥ አለ። ሕጉ ከሷ ጋር ነው፤ ዕቃው እንከን ከሌለበት ሱቅ የመመለስ ግዴታ የለበትም። ትልልቆቹ የሚመልሱት በራሳቸው ፈቃድ ነው፤ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። በኢንተርኔት ከገዛችሁ ግን 14 ቀን የማሰቢያ ጊዜ በሕግ አላችሁ። እንከን ካለበት ደግሞ አዲስ ዕቃ ላይ ዋስትናው 3 ዓመት ነው።

የጆንያ ጫማ

አንድ ነገር ብቻ ግዙ ካላችሁኝ ይህንን ነው። ስፔኖች አልፓርጋታ ይሉታል። ላዩ ሸራ ነው። ሶሉ ጆንያ ከሚሠራበት ከጁት ክር የተጎነጎነ ነው። በአሮጌው ከተማ፣ ካሬር ዳቪኞ ቁጥር 7 ላይ፣ ላ ማኑዋል አልፓርጋቴራ የሚባል ሱቅ አለ። ሠዓሊው ሳልቫዶር ዳሊ ደንበኛቸው ነበር። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በጫማ የተሞላ ነው።

አንዱን አንስታችሁ ገልብጡት። የተጎነጎነው ገመድ ከተረከዙ ጀምሮ እንደ እንጀራ ዓይን ሳይሆን እንደ ሙዳይ ስፌት ዙሪያውን ይዞራል፤ ጎን ለጎን በክር ተወግቶ ተያይዟል። ሸራው ከሶሉ ጋር የተሰፋበትን ወፍራም ክር ጫፉ ላይ ታዩታላችሁ። አፍንጫችሁን ብታስጠጉት የእህል መጋዘን ይሸታል። መርካቶ ያደገ ሰው ሽታውን ያውቀዋል።

ሲለካ ጠበብ ያለውን ውሰዱ። አውራ ጣታችሁ ጫፉን መንካት አለበት። ሻጩ «ይጠብባል» ስትሉት «ይሰፋል» ይላችኋል፤ አልዋሸም። በሳምንት ውስጥ እግራችሁን ይመስላል። ልክ የሆነውን ከገዛችሁ በወሩ ሲንሸራተት ታገኙታላችሁ። አንድ ጠላት አለው፤ ውሃ። ጁት ከረጠበ ያብጣል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ ይበሰብሳል።

ለእናቴ ሰማያዊ ገዝቼ ልኬላት ነበር። ሐምሌ ሲገባ በጋዜጣ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለችው። ለእንቁጣጣሽ ስደውልላት መጀመሪያ የነገረችኝ እንዳወጣችው ነው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጥቁሩን ደግሞ ላኪልኝ፤ ለቤተ ክርስቲያን» አለችኝ።