ገንፎው ጥሩ፣ ቅጹ መጥፎ፦ በድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ያለ አንድ የሕፃናት ማቆያ

የልጅ ልጄ ስለምትውልበት ማቆያ የሚጠይቁኝ ጎረቤቶች በዝተዋልና አንድ ጊዜ ጽፌው ልገላገል። ስሙን አልጠራም፤ የሳቢያን ሰው ያውቀዋል።

ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ፤ ልጆች የሚውሉበት ቤት ስገባ ከመጫወቻው በፊት የማየው ሽንት ቤቱንና የውኃ ማጠራቀሚያውን ነው። ሽንት ቤቱ በየጊዜው ይታጠባል፣ ሮቶው ክዳን አለው፣ ከቧንቧው አጠገብም ሳሙና አይጠፋም። ፍራሾቹ በፕላስቲክ የተለበጡ ስለሆኑ በድሬዳዋ ሙቀት ልጁን ያልቡታል። የትልልቆቹ ክፍል የጣሪያ ማራገቢያም ከተበላሸ ሰንብቷል፤ ለኃላፊው ስነግረው «እሺ ሲስተር» ይለኛል፣ ማራገቢያው ግን እንደቆመ ነው። ምሳው ሩዝ በካሮትና በድንች ወይም ፓስታ ነው፣ አያስመሰግንም አያስወቅስም። የጠዋቱ የገብስ ገንፎ ግን ያልጓጎለ፣ ቅቤው ያልበዛ፣ ለሕፃን ሆድ የሚስማማ ነው።

ከሁሉ የወደድኩት ሌላ ነገር ነው። አሸዋ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጥ አራስ እናት እኩለ ቀን ላይ መቀነቷን እንደታጠቀች ትገባለች፣ እጇን ትታጠባለች፣ ጥግ ካለው ሰሌን ላይ ተቀምጣ ልጇን ታጠባለች። ሞግዚቷ ሻይ ታቀብላታለች። «ሰዓቱ አይደለም» የሚላት የለም። ማታም ልጇን አዝላ ወደ ቤቷ ትገባለች። ለሌላው ተራ ነገር ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ተቃራኒውን አይቻለሁ።

በደርግ ጊዜ ቼኮዝሎቫኪያ (ዛሬ ቼክና ስሎቫኪያ ተብላ ለሁለት የተከፈለችው አገር) ስማር ለልምምድ የተመደብኩት ከሦስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች በሚያድጉበት የመንግሥት ተቋም ነበር። በረድፍ የተደረደሩ አልጋዎች፣ ነጭ ጋዋን የለበሱ ነርሶች፣ በሰዓት የሚሰጥ ጡጦ። በንጽሕና ከሄድን የሳቢያኑ ማቆያ አጠገቡ አይደርስም። እናት ግን በቀጠሮ ነበር የምትገባው። እዚያ ካየኋቸው ልጆች ብዙዎቹ ወላጅ አልባ አልነበሩም፤ ብዙዎቹም የሮማ ልጆች ነበሩ። ሮማዎች ቅድመ አያቶቻቸው ከሕንድ ተነሥተው በመላው አውሮፓ የተበተኑ፣ ዛሬም ብዙዎቹ ከከተማ ዳር በጎስቋላ ሰፈር የሚገፉ ሕዝብ ናቸው።

ያየሁት የአንድ ተቋም ጉዳይ ብቻ አልነበረም። የአውሮፓ የሮማ መብቶች ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት፣ በተጎበኙት ተቋማት ውስጥ የሮማ ልጆች ድርሻ በስሎቫኪያ ከ80 በመቶ፣ በቡልጋሪያ ከ60 በመቶ በላይ ነበር። በሁለቱም አገሮች ሮማዎች ከሕዝቡ አንድ አሥረኛ ቢሆኑ ነው። ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የሃንጋሪ የልጆች ጥበቃ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በድህነት ብቻ ልጅን ከቤተሰብ መለየት ይከለክላል፤ መዝገቡ ላይ ግን «ቸልተኝነት» ተብሎ ሲጻፍ፣ ውስጡ ሲገለጥ የሚገኘው መብራት የተቆረጠበት ቤትና የሚያፈስ ጣሪያ ነው። ሀብታሟ አየርላንድ እንኳ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2013 ሁለት ልጆችን ከሮማ ወላጆቻቸው ነጥቃለች፤ ፀጉራቸው ወርቃማ ስለሆነ የተሰረቁ ናቸው ተብሎ ተጠርጥሮ። ኋላ የገዛ ልጆቻቸው መሆናቸው ተረጋገጠ፤ መንግሥትም በ2014 ይቅርታ ጠየቀ።

ድሬዳዋ ውስጥ የሮማ ሰፈር የለም፤ ቅጹ ግን አለ። የማቆያው መመዝገቢያ ቅጽ የቀበሌ መታወቂያ፣ የአባት ስምና የቤት ኪራይ ውል ይጠይቃል። ታችኛው መስመር ላይ «የቤተሰብ ሁኔታ» የሚል አለ፤ እሱን የሚሞላው እናትየዋን ሳይጠይቅ በዐይኑ የገመተው መዝጋቢ ነው። አንዲት ከገጠር ተፈናቅላ የመጣች፣ በሸራ መጠለያ የምትኖር ወጣት እናት ፊቴ ቆማ ሳለ «እንክብካቤ የጎደለው» ብሎ ጻፈና ጉዳዩ ወደ ማኅበራዊ ጉዳይ መተላለፍ እንዳለበት ነገራት። ልጁ ወዙ የወጣ፣ ጥፍሩ የተቆረጠ፣ አንገቱ ላይ አንዲት ሽፍታ የሌለበት ነበር። እኔ ብጠየቅ ጤነኛ ብዬ እፈርም ነበር። የጎደለው ውሉና መታወቂያው ነው። እናትየዋ ልጇን ታቅፋ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ በማቆያው አላየኋትም። ማን ልጁን ሊወስዱበት ይችላሉ ብሎ በፈራበት በር ተመልሶ ይገባል?

ኃላፊውን ሳናግረው ቅጹ ከላይ የመጣ ነው አለኝ። ከላይ ይምጣ፤ መስመሩን በብዕር የሚሞላው ግን እዚሁ ያለ ሰው ነው። በመታወቂያ ፈንታ የሁለት ጎረቤት ወይም የእድር ዳኛ ምስክርነት መቀበል ይቻላል። ስለ ልጁ ሁኔታ መጻፍ ካስፈለገም መዝኖ፣ ቁመቱን ለክቶ፣ እናቱን ጠይቆ ነው።

ለማስመዝገብ የምታስቡ መታወቂያችሁን፣ የልጁን የክትባት ካርድና ሁለት ቅያሪ ልብስ ይዛችሁ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በፊት ድረሱ፤ በኋላ ቦታ አይገኝም። ከአምስት ሦስት ሰጥቻለሁ። ማራገቢያው ቢጠገን አራት ይሆናል፤ አምስተኛውን መዝጋቢው ያቺን እናት ፈልጎ ልጇን ሲያስመዘግብ እሰጣለሁ። ቅዳሜ እስከ ቀትር ክፍት ነው፣ እሑድ ዝግ ነው።