«የቱን ይርጋ ጨፌ?» ብሎ የሚጠይቅ የቡና ሱቅ

አዲስ አበባ ውስጥ ጥሬ ቡና የሚሸጥባቸው ሱቆች ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ናቸው። ጆንያዎቹ አፋቸውን ከፍተው ይደረደራሉ። እያንዳንዱ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈበት ካርቶን ይሰካል፦ ሐረር፣ ጅማ፣ ወለጋ፣ ሲዳሞ፣ ይርጋ ጨፌ። የኪሎውን ዋጋ ትጠይቃላችሁ፣ ይመዘንላችኋል፣ ትሄዳላችሁ።

እኔ ያደግኩት ወናጎ ነው። ለማያውቅ፣ ወናጎ ከዲላ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ይርጋ ጨፌ ሳይደረስ የምትገኝ ከተማ ናት። የአያቴ ጓሮ እንሰትና ቡና ጎን ለጎን ነበር፤ ከላይ ዋንዛና ብርብራ ጥላ ይሆኑታል። ቡናው ሲቀላ ተለቅሞ እዚያው ወናጎ ለሰብሳቢ ይሸጣል። አዲስ አበባ ሲደርስ ግን ስሙ ይርጋ ጨፌ ሆኖ ነው የሚመጣው። ልጅ ሆኜ ይህ ይገርመኝ ነበር፣ አሁንም ይገርመኛል። ስለዚህ «ይርጋ ጨፌ» የሚል ካርቶን ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም፤ ከየት እንደመጣ እጠይቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው መልስ «ከይርጋ ጨፌ ነዋ» የሚል ነው።

ባለፈው ወር አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሾላ ገበያ አካባቢ ያለች አንዲት ትንሽ ሱቅ አሳየችኝ። ከውጭ ስትታይ ምንም የተለየ ነገር የላትም። ገባሁና እንደ ልማዴ «ግማሽ ኪሎ ይርጋ ጨፌ» አልኩ። ባለ ሱቁ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝና «የቱን ይርጋ ጨፌ ልጄ?» አሉኝ። ይህን ግምገማ የምጽፈው በዚህች ጥያቄ ምክንያት ነው።

ካርቶኖቹን ዞር ብዬ አየኋቸው። «ይርጋ ጨፌ» የሚለው ቃል አለ፣ ግን ከሥሩ ሌላ ነገር ተጽፏል። አንዱ «አሪቻ» ይላል፣ ሌላው «ኮቸሬ»፣ ሦስተኛው «ገደብ፣ ወርቃ»። ከእነሱ ቀጥሎ «ጉጂ፣ ሐምበላ»፣ ከዚያ «ሲዳማ፣ በንሳ»፣ ከዚያ «ወለጋ፣ ጊምቢ»። ወርቃ የሚለውን የገደብ ቀበሌ ስም አዲስ አበባ ውስጥ ካርቶን ላይ ተጽፎ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ፣ ሆዴም ባባ።

ለምን ይህን ያህል ትልቅ ነገር እንዳደረግኩት ላስረዳ። ይርጋ ጨፌ ስንል ቢያንስ ሦስት ነገር ነው የምንለው። አንደኛ ከተማ ናት። ሁለተኛ በጌዴኦ ዞን ያለ ወረዳ ነው። ሦስተኛ ደግሞ ጣዕም ነው፤ አበባ አበባ የሚል፣ የሎሚ ልጣጭ የሚሸት፣ ቀለል ያለ ቡና። ሦስቱ አይገጣጠሙም። ወናጎ፣ ኮቸሬና ገደብ ራሳቸውን የቻሉ ወረዳዎች ናቸው፣ በንግድ ግን ሁሉም ይርጋ ጨፌ ይባላሉ። ነገሩ ከጌዴኦም ያልፋል። ቡና በ2001 ወደ ምርት ገበያ ሲገባ ይርጋ ጨፌ በሚለው ምድብ ውስጥ ገላና አባያም ተካቷል፤ ገላና አባያ በአስተዳደር ኦሮሚያ ነው። በዚያው ምድብ የይርጋ ጨፌ ጣዕም ያለው ቡና «ኤ»፣ የሌለው «ቢ» ይባል ነበር። እስቲ አስቡት፣ ይርጋ ጨፌ ወረዳ ውስጥ የበቀለ ቡና ቀማሹ ጣዕሙን ካላገኘበት «ቢ» ይሆናል። ይህ ወሰን ካርታ ላይ የለም፤ የሚገኘው ቀማሹ ምላስ ላይ ነው።

ሌሎቹም ስሞች እንደዚሁ ናቸው። የሐረር ቡና የሚበቅለው በግንቡ ዙሪያ ብቻ አይደለም፤ አብዛኛው ከሐረርጌ ደጋማ ቦታዎች ነው የሚመጣው። ለቀምት የሚባለው ቡና ነቀምት ከተማ በቅሎ አይደለም፣ ከጊምቢና ከአካባቢው ተሰብስቦ ነው። ቡናችን ስሙን የሚያገኘው ከተሸጠበት ከተማ ነው። የበቀለበት ቀበሌ ስም መንገድ ላይ ይቀራል።

ወደ ሱቋ ልመለስ። ጋሼ ጥያቄዬ ሲበዛባቸው አልተሰላቹም። ከኋላ ትንሽ ምድጃና ሁለት ትናንሽ መቁያ አላቸው። ከገደቡ አንድ እፍኝ፣ ከሐምበላው አንድ እፍኝ ዘገኑና ሰፌድ ላይ ጎን ለጎን ዘረጉልኝ። «አሽትቺው» አሉኝ። ጥሬውን አሸተትኩ፣ ሣር ሣር ይላል፣ ልዩነቱን አላገኘሁትም። ከዚያ ሁለቱንም ለየብቻ ቆሉ። ጥቁር እስኪሆን አልጠበቁም፤ ፍሬው ተንጣጥቶ ወደ ቡናማ እንደዞረ አወረዱት። «ዘይቱ ከወጣ በኋላ ከየትም ይምጣ አንድ ነው» አሉኝ። ልክ ናቸው። ቤታችን ቡና ስናፈላ አሳርረን ቆልተን የትውልድ ቦታውን እኛው ነን የምናጠፋው።

ሁለት ጀበና ተጣደ። ሲኒዎቹን የቱ የቱ እንደሆነ ሳይነግሩኝ አቀረቡልኝ፣ ያለ ስኳር። የመጀመሪያው ሎሚ ሎሚ አለኝ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ማር የመሰለ ነገር አፌ ላይ ቀረ። ሁለተኛው ትንሽ ወፈር ያለ ነው እንጂ ያው ነው። የመጀመሪያው ገደብ ነው ብዬ ወሰንኩ። ሐምበላ ነበር። የዚያ አገር ልጅ ሆኜ፣ በዚያ ቡና አድጌ፣ መለየት አልቻልኩም።

ጋሼ አልገረማቸውም። ገደብና ጉጂ ጎረቤት ናቸው፤ ተራራው አንድ፣ ቀይ አፈሩ አንድ፣ ጭጋጉም አንድ ነው። የቡናው ዛፍም ቢሆን ያው ነው፤ ገበሬው ኩሩሜ፣ ወሊሾ፣ ደጋ እያለ የሚጠራቸውን ዝርያዎች በዚህም በዚያም ታገኛላችሁ። ደንበኛ ግን ይርጋ ጨፌ ሲባል ብዙ ይከፍላል፣ ጉጂ ሲባል በአንድ ወቅት ስሙንም አያውቀውም ነበር። የጉጂ ቡና ለረጅም ጊዜ ሲዳሞ ተብሎ ነው የተሸጠው። አሁን ስሙን ይዞ ዓለም ላይ መታወቁ የሚገባው ነው፤ ያንን ቡና የለቀመው ገበሬ ሌላ ሰው አይደለም።

ስለዚያ ድንበር ቀለል አድርጌ ማውራት አልፈልግም። በ2010 በጌዴኦና በጉጂ መካከል በነበረው ግጭት እጅግ ብዙ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል፤ የማውቃቸው ሰዎችም አሉበት። ስለዚህ አንድ ጆንያ ላይ የሚጻፍ የቦታ ስም ለእኔ የሽያጭ ዘዴ ብቻ አይደለም። በትክክል ይጻፍ፤ የገደብ ገደብ፣ የሐምበላ ሐምበላ ተብሎ። ሁለቱም ግሩም ቡና ናቸው፣ አንዱ የሌላውን ስም መዋስ አያስፈልገውም።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር።

አንደኛው ጆንያ ላይ አሁንም «ሲዳሞ» ተብሎ ተጽፏል፣ ከሥሩ ምንም የለም። የሚያግዛቸውን ልጅ «ይህ ከየት ነው?» ብዬው «ሲዳሞ ነው እህቴ» አለኝ፣ አለቀ። ሲዳሞ ግን የድሮ ክፍለ ሀገር ስም ነው። በውስጡ ሲዳማም፣ ጌዴኦም፣ ወላይታም፣ ጉጂም፣ ቦረናም ነበሩ። ክፍለ ሀገሩ የለም፤ ሲዳማ ደግሞ በ2012 በሕዝበ ውሳኔ የራሱን ክልል መሥርቷል፣ ሕዝቡም የሚፈልገው ሲዳማ ተብሎ መጠራትን ነው። አጠገቡ «ሲዳማ፣ በንሳ» ብሎ አሳምሮ የጻፈ ሱቅ ይህንን እንዲህ መተው የለበትም። ጋሼን ስጠይቃቸው የተደባለቀ ነው፣ ከአንድ ቦታ አይደለም አሉኝ። እንግዲያው «ድብልቅ» ብላችሁ ጻፉት አልኳቸው። ድብልቅ ቡና መሸጥ ነውር የለውም።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ከዚህም ይበልጥብኛል። ሦስት ጆንያ የጌዴኦ ቡና አለ፣ በአንዱም ላይ «ጌዴኦ» የሚል ቃል የለም። ከተማው አለ፣ ወረዳው አለ፣ ቀበሌው አለ፣ ሕዝቡ የለም። ይህ የጋሼ ጥፋት ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። መንግሥት በ1997 አሜሪካ ውስጥ ለማስመዝገብ ያመለከተው ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን ስሞች ነው፤ ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር በእነዚህ ስሞች ላይ የነበረው ክርክርም በ1999 በስምምነት አልቋል። ያኔ የተመረጠው መንገድ የንግድ ምልክት ነው። በመልክዓ ምድር መጠቆሚያ፣ ማለትም ስሙን ከበቀለበት ቦታ ጋር በሚያስር ምዝገባ፣ ይመዝገብ ቢባል ኖሮ ወሰኑን ማስመር፣ እያንዳንዱን ትንሽ ማሳ መከታተል ያስፈልግ ነበር፣ ያ ደግሞ በዚያን ጊዜ ከባድ ነበር። ውሳኔው ይገባኛል፣ ጥሩ ሥራም ነበር። ግን የንግድ ምልክት ስሙ የማን እንደሆነ ይናገራል እንጂ ቦታው የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አይናገርም። ያ ጥያቄ እስካሁን ክፍት ነው፣ ሱቅ ሲገባ የሚያጋጥመን እሱ ነው።

በመስከረም 2016 ደግሞ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የአያቴ ጓሮ ዓይነት እርሻ ማለት ነው፣ ትልቅ ዛፍ ከላይ፣ ቡናና እንሰት ከሥር። ዓለም ጌዴኦ ብሎ መዝግቦታል። እኛ ሾላ ላይ ካርቶን ላይ ለመጻፍ ምን ይከለክለናል?

ይህንኑ ለጋሼ ነገርኳቸው። «ደንበኛ ጌዴኦ ብለው አያውቀውም ልጄ፣ ይርጋ ጨፌ ስለው ነው የሚገዛው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ሱቅ ነው፣ መሸጥ አለባቸው። ከላይ ጌዴኦ፣ ቀጥሎ ይርጋ ጨፌ፣ ከሥር አሪቻ ብለው ቢጽፉት ግን ማንም ደንበኛ አይሸሽም። እንዲያውም ይጠይቃል፣ እሳቸው ደግሞ ማስረዳት ይወዳሉ።

ትንንሽ ነገሮችም አሉ። የሚፈጨው ማሽን አንድ ብቻ ስለሆነ ከእናንተ በፊት የተፈጨው ቡና ትንሽ ይቀላቀላል፤ ጥሬውን ገዝታችሁ ቤት ብትወቅጡ ወይ ብታስፈጩ ይሻላል። ሱቋ ጠባብ ናት፣ ቅዳሜ ጠዋት መቆሚያ የለም። የይርጋ ጨፌዎቹ ዋጋ ከጊምቢው በኪሎ ከመቶ ብር በላይ ይበልጣል። ምርጡ ቡና ወደ ውጭ እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን፣ ስለዚህ የውጭ አገር ፓኬት ላይ የምታዩትን ጥራት አትጠብቁ፤ ፍሬው አንድ ወጥ አይደለም፣ ትንሽ መልቀም አለበት። ከኮቸሬው ግማሽ ኪሎ ውስጥ አንድ እፍኝ የማይሞላ ጥቁርና የተሰባበረ ፍሬ ለቀምኩ፣ ከሌላ ሱቅ ከምገዛው በጣም ያነሰ ነው። ሚዛኑ ትክክል ነው፣ ቤት መዝኜዋለሁ።

የቱን ግዙ? ከረር ያለ የሚወድ ቤተሰብ ካላችሁ ጊምቢውን። ሲኒ ላይ መዓዛ የምትፈልጉ ከሆነ አሪቻውን፣ ግን አታሳርሩት። እንደ እኔ ጎረቤታሞችን ማወዳደር ከፈለጋችሁ ገደብና ሐምበላን ሩብ ሩብ ኪሎ ግዙና ለየብቻ አፍልታችሁ ሳትናገሩ ለቤተሰብ አቅርቡ። እኔ እሑድ ዕለት ለእናቴ እንዲያ አደረግኩ። ሁለቱንም ቀምሳ «የእኛ ነው» አለች።

የወናጎ ቡና ለጊዜው የላቸውም። አዲሱ ምርት የካቲት ገደማ ይገባል ብለውኛል፣ እንዲያመጡልኝም አዝዣለሁ። ሲገባ፣ ካርቶኑ ላይ ምን እንደተጻፈበት አይቼ እነግራችኋለሁ።